ዕርዳታ ዴሞክራሲ ያመጣል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ለጋሾች ገንዘብ ሲይዙ መንግሥት እጁን ይሰጣል»

እንዲህ የሚሉ ሰዎች ኬንያን መጥቀስ ይወዳሉ። ደግሞም ምክንያት አላቸው። በኖቬምበር 1991 ለጋሾች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው አዲስ ዕርዳታ ለስድስት ወር አቆሙ። በቀጣዩ ወር ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ አገሪቱን በ1982 የአንድ ፓርቲ አገር ያደረገውን የሕገ መንግሥት አንቀጽ አሰረዙ። ፈጣን ነው፣ አይደል?

ግን ታሪኩ ፓሪስ ላይ አልተጀመረም። ፖለቲከኞቹ ኬኔት ማቲባና ቻርልስ ሩቢያ ተጨማሪ ፓርቲ ይፈቀድ ብለው የታሰሩት በ1990 ነው። ጁላይ 7 ቀን ሰው አደባባይ ወጣ፤ ተገደለም። ቀሳውስትና ጠበቆች ዝም አላሉም። ለጋሾቹ የገፉት ኬንያውያን ሲነቀንቁት የከረሙትን በር ነው።

«ፓርቲ ከተፈቀደ ሌላው ራሱ ይመጣል»

እዚያው ኬንያ እንቆይ። በ1992 ምርጫ ተቃዋሚዎች ተከፋፍለው ገቡ። ሞይ 36 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በምርጫው ሰሞን በስምጥ ሸለቆ በብሔር ግጭት ብዙ ሰው አለቀ። ዕርዳታው ግን በ1993 ተመለሰ። ሞይም እስከ 2002 ሥልጣን ላይ ቆዩ። ለጋሽ የሚያስደስተውን ትንሹን ነገር ሰጥቶ ወንበሩን ማቆየት እንደሚቻል ብልጥ መሪ ቶሎ ይገባዋል።

«ለጋሽ ሁሉ የሚፈልገው ዴሞክራሲ ነው»

የዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) አምባገነን መሪ ሞቡቱ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የምዕራባውያን ገንዘብ አልጎደለባቸውም። ግብፅ ደግሞ አለች። በ2013 ጦሩ በምርጫ የመጡትን ፕሬዚዳንት ሙርሲን ሲያወርድ አሜሪካ ከዓመታዊው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ ዕርዳታ ከፊሉን ያዘች። ሳዑዲ፣ ኤምሬቶችና ኩዌት ግን በቀናት ውስጥ 12 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገብተው ነበር። ታዲያ ካይሮ ማንን ትፍራ? አሜሪካም በ2015 የያዘችውን ለቀቀች።

«ለሲቪል ማኅበራት የሚሰጥ ገንዘብን መንግሥት አይነካውም»

እኛ አገር፣ ኢትዮጵያ፣ በደንብ ተነክቷል። የ2009ኙ አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊና በዴሞክራሲያዊ መብቶች ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ብዙዎቹ ሥራ ቀየሩ ወይም ተዳከሙ። አዋጁ በ2019 በሌላ ተተካ። ለእኔ ግን ገደቡን ያን ያህል ከባድ ያደረገው ሌላም ነገር ነው። ማኅበራቱ ከአገር ውስጥ የሚሰበስቡት መዋጮ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።