የጅምላ ፍረጃ ምንድን ነው?

አልሸባብ ሞቃዲሾ ውስጥ ቦምብ ያፈነዳል። በማግስቱ አዲስ አበባ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ሶማሊያን ከካርታ ውጭ አይቶ የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ በሻይ ሰዓት «ቆይ ግን፣ እናንተ ሰዎች ምን ሆናችሁ ነው?» ይባላል። ጠያቂው ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ ምናልባትም ባለፈው ዒድ እዚያው ሰውዬ ቤት ተጋብዞ በልቷል። ግን ሳያስበው ጓደኛውን ተከሳሽ አድርጎታል። የጅምላ ፍረጃ ይህ ነው፦ ጥቂቶች የሠሩትን ወንጀል በእምነት፣ በስም ወይም በአለባበስ ለሚመስሏቸው ሁሉ ማሸከም።

ነገሩ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ውስጥ ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ በፈነዳው የጭነት መኪና ቦምብ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ግብፅ፣ ሲና ውስጥ ታጣቂዎች ለጁምዓ ሶላት የተሰበሰቡ ምእመናንን መስጊዳቸው ውስጥ ፈጇቸው፤ የሞቱት ከ300 በላይ ናቸው። እነዚህን ሟቾች የቀበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ በየአገሩ «እናንተ» የሚባሉት።

ፈራጁ ማንን እንደሚፈርጅ እንኳ ለይቶ አያውቅም። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስናከብር፣ አልቃይዳ አሜሪካን መታ። በአራተኛው ቀን አሪዞና ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የተባለ የነዳጅ ማደያ ባለቤት በጥይት ተገደለ። ሶዲ የሲክ እምነት ተከታይ እንጂ ሙስሊም አልነበረም። ገዳዩ ጥምጣምና ጺም አየ፣ በቃው። (ሙስሊም ቢሆንስ ኖሮ? ያው ነው። ሰውየው የተገደለው በማደያው ደጅ አበባ ሲተክል ነው።)

የሚያሳዝነው፣ አክራሪዎቹ ይህን ሁሉ አስቀድመው አስልተውታል። አይኤስ በየካቲት 2007 ዓ.ም. ባወጣው መጽሔቱ «ግራጫ ቀጣና» ያለውን ማጥፋት እንደሚፈልግ በግልጽ ጽፏል። ግራጫ ያለው ሙስሊሙ ሙስሊም ካልሆነ ጎረቤቱ ጋር ተከባብሮ የሚኖርበትን ኑሮ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እኛ እንገድላለን፤ እናንተ ሙስሊም ጎረቤታችሁን መጠርጠር ትጀምራላችሁ፤ እሱ ሲገፋ ወደ እኛ ይመጣል። ጅምላ ፈራጁ አይኤስን የሚቃወም እየመሰለው የእቅዱን ሁለተኛ ክፍል ይሠራለታል።

ይህ ስሌት ሲከሽፍ በግልጽ የታየው ኬንያ፣ ሶማሊያና ኢትዮጵያ በሚገናኙባት በማንዴራ አካባቢ ነው። ኅዳር 2007 ዓ.ም. አልሸባብ ከማንዴራ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ አውቶቡስ አስቁሞ ሙስሊም ያልሆኑትን እየለየ 28 ሰው ገደለ። ዓመት አልፎ፣ በታኅሣሥ 2008፣ ከናይሮቢ ወደ ማንዴራ የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ ኤል ዋቅ አጠገብ ተኩስ ተከፈተበት። ተሳፋሪዎቹ ያለፈውን ያውቃሉ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ሙስሊም ሴቶች ሂጃብ እያወጡ ክርስቲያን ሴቶችን አከናነቧቸው። ታጣቂዎቹ ሙስሊሞቹ ወደ አንድ በኩል እንዲወጡ ሲያዙ ሰዎቹ አንለይም አሉ፤ ወይ ሁላችንንም ግደሉ፣ ወይ ሁላችንንም ተዉን። ሁለት ሰዎች ተገደሉ፤ የቀሩት ተረፉ። አንለይም ካሉት አንዱ፣ ሳላህ ፋራህ የተባለ ሙስሊም መምህር፣ በጥይት ቆስሎ በቀጣዩ ወር ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። አልሸባብ ያን ቀን በጠመንጃ ሊያደርገው የሞከረውን መለያየት ነው ፈራጁ በምላሱ የሚያደርገው።

በእኛ አገር ይህ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው በነጃሺ ተጀምሮ በነጃሺ ያልቃል። ታሪኩ ያኮራል፤ ነገር ግን የስብሰባ መክፈቻ እየሆነ የቅርቡን እንዳንጠይቅ ያደርገናል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ «ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ» የሚል ወሬ ተነዝቶ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ነደዱ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ፣ በአንድ ሼህ ቀብር ላይ፣ በመቃብር ስፍራው ይዞታ የተነሳ ጠብ ወደ ጥቃት ተለውጦ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። በሁለተኛው ቀን ከጎንደር እጅግ በራቀችው በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የሞጣው ባለሱቅ ክብሪት አልጫረም፤ የወራቤው ክርስቲያንም ጎንደርን ረግጧት ላያውቅ ይችላል።

ሁለቱም ወገኖች የሚያከብሯቸው መጻሕፍት ይህን አይፈቅዱም። ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል፤ ቁርኣንም በአል-አንዓም ምዕራፍ አንዲት ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም ይናገራል። አባትና ልጅ እንኳ የማይወራረሱትን በደል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በምን ሒሳብ ይወራረሱታል?

ይህ ማለት ግን ዝም እንበል ማለት አይደለም። አልሸባብ ግድያውን በሃይማኖት ስም ያጸድቃል ማለት ፍረጃ አይደለም፤ ራሱ የሚለው ነው። ጥላቻ የሚሰብክን ሰባኪ በስሙ ጠርቶ መሞገትም ተገቢ ነው፤ «እምነታችንን ነካ» እያሉ እንዲህ ያለውን ሰው መከለል እንዲያውም ፈራጁን ያበረታል። «አውግዙ» የሚለው ጥያቄስ? የእምነት ተቋም መሪ ቢጠየቅ ያስኬዳል። በሚያዝያ 2007 አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ሲያርድ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አውግዟል፤ ማድረግ የሚገባውን አደረገ። የሰፈር ባለሱቅን፣ የክፍል ተማሪን፣ የታክሲ ሹፌርን እየያዙ መግለጫ ስጡ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ አንድ አውስትራሊያዊ መስጊድ ገብቶ 51 ሰው ሲገድል፣ አውስትራሊያዊ ሁሉ በየሥራ ቦታው አቋምህን አስረዳ ሲባል አልሰማሁም።

ከዚህ ሁሉ የሚያተርፈው ደግሞ ወንጀለኛው ነው። መርማሪ የሚፈልገው ስም፣ ሰዓትና ቦታ፣ ክብሪቱን የጫረችውን እጅ ነው። «እነሱ ናቸው» ተብሎ ካለቀ በኋላ ማን ይመረመራል? ያየ ሰው የራሱን ወገን አሳልፎ የሰጠ እንዳይባል አፉን ይዘጋል፤ ተጠቂው ወገን ደግሞ የክስ መዝገብ ሳይሆን ብድር የሚመልስበትን ቀን ይጠብቃል፤ ድንጋዩን የወረወረው ሰው በሺዎች መሃል ተደባልቆ በሰላም ቤቱ ያድራል።