የጋራ ሮል ፕሌይ መነሻ ደንብ ምንድን ነው?

ሮል ፕሌይ ጽሑፍ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ተራ በተራ እየጻፉ አንድ ታሪክ የሚፈጥሩበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አንዷ ገጸ ባሕርይዋ ያደረገችውንና የተናገረችውን ጽፋ ትልካለች። ሌላው ያንን አንብቦ የራሱን ይቀጥላል። አስቀድሞ ያለቀ ድርሰት የለም። ታሪኩ ነገ የት እንደሚደርስ ማንም ብቻውን አያውቅም። ሰው መልስ መጣ አልመጣ እያለ ስልኩን ደጋግሞ የሚያየውም ለዚህ ነው።

ችግሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ነው። ፊት አይታይም፣ ድምፅ አይሰማም። አብሯችሁ የሚጽፈው ሰው ዝም ሲል ደክሞት ይሁን ከፍቶት አታውቁም። ሁለት ሰዎች አንድ ታሪክ ጀመርን ብለው በልባቸው ሁለት የተለያየ ታሪክ ይዘው ሊሆን ይችላል። አንዷ ቀስ ብሎ የሚያድግ የፍቅር ታሪክ ትፈልጋለች፣ ሌላው ጦርነት። መነሻ ደንብ የሚባለው ይህ ልዩነት ታሪኩ መሃል ላይ ሳይፈነዳ በፊት የሚደረግ ስምምነት ነው። ማን ምን ይጽፋል? የማይነካው ነገር የቱ ነው? በምን ፍጥነት እንጽፋለን? አንዳችን ካልተመቸን እንዴት እናቆማለን? እነዚህ መልስ ካገኙ ደንብ አለ ማለት ነው፤ በአምስት መስመርም ይጻፍ በሁለት ገጽ።

ብዙ ሰው ደንብ ሲባል የክልከላ ዝርዝር ይታየዋል። በእኔ እምነት ግን የደንቡ እምብርት ክልከላ ሳይሆን ባለቤትነት ነው። የእኔ ገጸ ባሕርይ የእኔ ናት። ያንተ ያንተ ነው። የሚገናኙበት ዓለም ደግሞ የሁለታችን ነው። ይህን የተቀበሉ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ሌላ ደንብ ሳይጨቃጨቁ ይደርሱበታል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ «ዘንዶውን በሰይፍ እመታለሁ» ሲል፣ መታው ወይስ ሳተው የሚለውን የሚጣለው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስናል። ክርክር ከተነሳም ጨዋታውን የሚመራው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮይ ትሩብሾ የጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትልም አብሮት የሠራው ማድ የተባለ ጨዋታ መጣ። ብዙ ሰዎች በኮምፒዩተር መረብ ላይ በጽሑፍ ብቻ አንድ ዓለም ውስጥ ይገናኙበት ነበር። እዚያ ዳኝነቱን ፕሮግራሙ ያዘው።

ዛሬ ሰዎች በቻትና በግሩፕ የሚጽፉት ነጻ ሮል ፕሌይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዳይስም፣ ዳኛም፣ ነጥብ የሚቆጥር ፕሮግራምም የለውም። ሰይፉ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን የሚወስነው የጸሐፊዎቹ ስምምነት ብቻ ነው። ስምምነት ከሌለ ቀድሞ የጻፈ ያሸንፋል። ያኔ ታሪኩ እሽቅድምድም ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ ሙከራውን ጻፍ፣ ውጤቱን ለባለቤቱ ተው። ምሳሌ ላምጣ። ሊያ የእስር ቤት ጠባቂ ናት፣ ናሆም እስረኛ ነው። የናሆም ጸሐፊ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ናሆም ጩቤውን ወረወረ። ጩቤው የሊያ ትከሻ ላይ ተሰካ። ሊያ ጮኻ ወደቀች። በፍርሃት እየተንቀጠቀጠችም ቁልፉን ሰጠችው።»

እዚህ ውስጥ የናሆም የሆነው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መቁሰሏ፣ መጮኋ፣ መፍራቷ፣ ቁልፉን መስጠቷ የሊያ ጸሐፊ ጉዳይ ነበር። አራት ውሳኔ ተወሰደባት፤ ለእሷ የቀራት መስማማት ወይም መጣላት ነው። ሮል ፕሌይ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ጎድሞዲንግ ይሉታል። አሁን በዚህ እንተካው፦

«ናሆም ጩቤውን ወደ ሊያ ትከሻ ወረወረ። ከሦስት ቀን ረሃብ በኋላ እጁ አልጸናም፤ ማነጣጠሩን እሱም አላመነው።»

ለሊያ ጸሐፊ አሁን መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው። ጩቤው ቢመታት ያሳምናል፣ ቢስታትም ያሳምናል፣ ግድግዳ ነክቶ ቢወድቅም ያሳምናል። የናሆም ጸሐፊም የተጎዳ ነገር የለውም። እንዲያውም ስለ ናሆም ረሃብና ስለ እጁ መንቀጥቀጥ ጻፈ፤ ይህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእሱ ንብረት ነው። ጥሩ ደንብ ጽሑፉን የሚያሻሽለው እንዲህ ነው። የሌላውን ሰው ገጸ ባሕርይ ማዘዝ ሲከለከል፣ ጸሐፊው ወደ ራሱ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ይገባል።

የዚህ ደንብ ሌላ ጎንም አለ። ውጤቱ የባለቤቱ ነው ማለት ባለቤቱ ሁልጊዜ ያመልጣል ማለት አይደለም። ከእያንዳንዱ ምት የምትሸሽ፣ እያንዳንዱን ውሸት የምታውቅ፣ ማንም ከማይነካት ገጸ ባሕርይ ጋር አብሮ መጻፍ ያሰለቻል። ሥልጣኑ ከተሰጠን አንዳንዴ ቁስሉን መቀበል አለብን። ጥሩ የሮል ፕሌይ አጋር የምለው መሸነፍን በውበት የሚጽፍ ሰው ነው።

የባለቤትነት ድንበር ሲጣስ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ላምዳሙ በፓቬል ከርቲስ የተመሠረተ፣ ሰዎች በጽሑፍ የሚኖሩበት የኢንተርኔት ዓለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ ተጠቃሚ በትንሽ ፕሮግራም ተጠቅሞ፣ የሌሎች ሰዎች ገጸ ባሕርያት ያላደረጉትን ነገር እንዳደረጉ አስመስሎ ሰው ሁሉ በሚያይበት ክፍል ውስጥ ጻፈ። የጻፈው ወሲባዊ ጥቃት ነበር። የገጸ ባሕርያቱ ባለቤቶች በራሳቸው ስም የሚወርደውን ጽሑፍ ሊያቆሙት አልቻሉም። ጥቃቱ በቃላት ብቻ ቢሆንም ሕመማቸው የእውነት ነበር። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ብዙ ተከራከሩ፤ ውሳኔ ላይ ግን አልደረሱም። በመጨረሻ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ በራሱ ፈቃድ ያንን ገጸ ባሕርይ ሰረዘው። ከርቲስ ተጠቃሚዎች ሐሳብ አቅርበው ድምፅ የሚሰጡበትን ሥርዓት የዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። «ጽሑፍ እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ይህን ስል ለእያንዳንዱ እርምጃ ፈቃድ ይጠየቅ ማለቴ አይደለም። እንዲያ ከሆነ ታሪኩ አይንቀሳቀስም። «ሁለቱ አብረው ከክፍሉ ወጡ» ወይም «ሊያ የሰጠችውን ውሃ ጠጣ» ዓይነት ቀላል ነገር አስቀድሞ ሊፈቀድ ይችላል። ሞት፣ ዘላቂ ጉዳት፣ ጋብቻ፣ እርግዝና፣ ክህደት የመሳሰለው ግን ሁልጊዜ ይጠየቅ። ገጸ ባሕርዩን ወራት ሙሉ ያሳደገ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነጠቅ አይገባም።

ሁለተኛው ትልቅ ደንብ ስለ ዕውቀት ነው። ጸሐፊዋ የምታውቀውን ገጸ ባሕርይዋ ላታውቅ ትችላለች። ናሆም ጩቤ ጫማው ውስጥ መደበቁን የሊያ ጸሐፊ አንብባለች፤ ሊያ ግን አላየችም። ሊያ ያለ ምንም ምክንያት «ጫማህን አውልቅ» ካለችው ምስጢሩ ሞተ። ይህ ሜታጌሚንግ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በክፋት አይደለም፤ ያነበብነውን እንዳላነበብን መሆን በጣም ከባድ ስለሆነ ነው። ሊያ እንድታውቅ ከተፈለገ መንገድ ይሠራላት። ሲራመድ ማነከሱን ትይ፣ ወይም የብረት ድምፅ ትስማ። የናሆም ጸሐፊ ከተስማማ ያ መንገድ ራሱ ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ጸሐፊና ገጸ ባሕርይን መለየት ነው። ሊያ ናሆምን ስትሰድበው የሊያ ጸሐፊ የናሆምን ጸሐፊ መስደቧ አይደለም። በወሬ ደረጃ ሁሉም ይህን ያውቃል። በተግባር ግን ስሜት ድንበሩን ተሻግሮ ይፈሳል። ኤሚሊ ኬር ቦስ የተባለች የጨዋታ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ «ብሊድ» የሚል ስም ሰጠችው፤ ስሙም በሚና ተጫዋቾች ዘንድ ጸንቶ ቀረ። ብሊድ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሰው ለገጸ ባሕርዩ ሲያለቅስ ታሪኩ ሠርቷል ማለት ነው። መጥፎ የሚሆነው ሳይነገር ሲቀር ነው። ለዚህ ጸሐፊዎች ከታሪኩ ውጪ የሆነ ንግግርን በድርብ ቅንፍ ይለያሉ፦ ((ይሄ የሊያ ንዴት ነው፣ የእኔ አይደለም። ደህና ነህ?))። ከከባድ ትዕይንት በኋላ እንዲህ ያለ አንድ መስመር መላክ ደንብ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ይዘት ገደብ። ሮን ኤድዋርድስ የተባለ የጨዋታ ደራሲ ያስተዋወቀው ቀላል አከፋፈል አለ፦ መስመርና መጋረጃ። መስመር ማለት በታሪካችን ውስጥ ጨርሶ የማይገባ ነገር ነው። መጋረጃ ማለት ሊፈጸም የሚችል፣ ግን በዝርዝር የማይጻፍ ነገር ነው። ለምሳሌ ማሰቃየት ለአንዷ ጸሐፊ መስመር ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው መጋረጃ። ሁለቱ አብረው ሲጽፉ ጥብቁ ይያዛል። ለመደራደር የሚመች ነገር አይደለም፤ «ትንሽ ብቻ» እያሉ መነዝነዝ ራሱ ጥሰት ነው።

ማንም ግን የሚጎዳውን ሁሉ አስቀድሞ አያውቅም። አንዳንዱ ነገር ሲደርስ ነው የሚታወቀው። ጆን ስታቭሮፑሎስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የኤክስ ካርድ ለዚህ የተሠራ ነው። ጠረጴዛ ላይ የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ይቀመጣል። አንድ ሰው ከነካው የተነሳው ነገር ይወጣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። በጽሑፍ ሲሆን አንድ ቃል መስማማት ይበቃል። «ቁም» ከተጻፈ ትዕይንቱ ይቆማል ወይም ከዚያ በፊት ካለው ቦታ እንደገና ይጻፋል። ማብራሪያ አለመጠየቁ ዋናው ነገር ነው። ምክንያቱን መናገር ግዴታ ከሆነ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ከዚያም አንድ ቀን ይጠፋል።

ስለ ዕድሜ ድርድር የለም። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ካለበት ወሲባዊ ይዘት አይጻፍም። አዋቂ መሆኑ ካልታወቀ ሰው ጋርም እንዲሁ። ትክክለኛ ስም፣ አድራሻ፣ ፎቶ፣ ትምህርት ቤት መጠየቅ የታሪኩ ክፍል አይደለም። የሚጠይቅ ሰው ካለ ጽሑፉን ማቆም ተገቢ ነው።

የቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። በቀን አንዴ ነው የምንመልሰው ወይስ በሳምንት? አንድ አንቀጽ ነው ወይስ አንድ ገጽ? ሥራ የበዛበት ሰው «ለሁለት ሳምንት የለሁም» ብሎ ይንገር። የጻፍነውን ሌላ ቦታ መለጠፍ የሁሉንም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ግማሹ የሌላ ሰው ጽሑፍ ነውና። አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል፦ መልስን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስጻፍ ይፈቀዳል? እኔ አልወደውም፤ የምጠብቀው የሰውየውን ሐሳብ ነውና። የሚስማሙ ሰዎች ካሉ ግን መብታቸው ነው። ተደብቆ መደረጉ ብቻ ልክ አይደለም።

ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ ከሆነ ደንቡ ሁሉም በሚያየው ቦታ ተጽፎ ይሰካ፤ ክርክር የሚፈታ አንድ ሰውም ይመረጥ። ለሁለት ሰው ግን አጭር መልእክት ይበቃል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ሰላም! ከመጀመራችን በፊት፦ ሊያን የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ፣ ናሆምን አንተ። አብረው ሲሄዱ፣ ሲቀመጡ ማንቀሳቀስ ትችላለህ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጠይቀኝ። ሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃት ጨርሶ አልጽፍም። የፍቅር ትዕይንት ከመጣ በሩ ሲዘጋ እናቁም። በሳምንት ሁለቴ እመልሳለሁ። ‹ቁም› ካልኩ ወይም ካልክ ያለ ጥያቄ እናቆማለን። ያንተስ?»

«ያንተስ?» የሚለው ከሌለ መልእክቱ ትእዛዝ ነው። መልሱ እስኪመጣ የመጀመሪያው ትዕይንት ይቆይ። ደንቡ ሲጣስም መጀመሪያ በውስጥ መስመር፣ ከታሪኩ ውጪ፣ በግልጽ ይነገር፦ «ሊያ ወደቀች ያልከውን እንድትቀይረው እፈልጋለሁ»። አብዛኛው ሰው ይቅርታ ጠይቆ ያስተካክላል። ታሪኩ አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር፣ አዲስ ጸሐፊ ሲገባ ወይም ስሜቱ ሲከብድ ደግሞ ስምምነቱን አውጥቶ እንደገና ማንበብ ነው። ከሦስት ወር በፊት መጋረጃ የነበረው ዛሬ መስመር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።