የከተሜነት ኢኮኖሚያዊ ጥቅም ምንድን ነው?

ከተሜነት ማለት ከአንድ አገር ሕዝብ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ድርሻ እያደገ መሄድ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2007 ገደማ ጀምሮ ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማ ነዋሪ ሲሆን፣ ወደፊት የሚጠበቀው ጭማሪም በአብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ታዳጊ አገሮች የሚታይ ነው። የዓለም ባንክ በበኩሉ ከዓለም ጠቅላላ ምርት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በከተሞች እንደሚመነጭ ይገልጻል። ይህ አኃዝ የከተሜነትን ጥቅም ለማስረዳት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል፤ ነገር ግን ሰው ከተማ ስለገባ ብቻ ምርታማ ስለማይሆን ጥቅሙ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ምንጭ የጉልበት ከግብርና መውጣት ነው። መሬቱ ሳይጨምር ቤተሰቡ ሲበዛ፣ በማሳው ላይ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ ሰው ምርቱን እምብዛም አያሳድገውም። በሴንት ሉሲያ የተወለዱትና እ.ኤ.አ. በ1979 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋሩት አርተር ሉዊስ በ1954 ባቀረቡት ትንታኔ እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው ትርፍ ጉልበት ወደ ፋብሪካና ወደ ሌሎች ዘመናዊ ሥራዎች ሲዛወር የእርሻው ምርት ብዙም ሳይቀንስ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያድጋል።

ሁለተኛውና ይበልጥ ትኩረት የሚገባው ምንጭ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የመሰባሰብ ጥቅም የሚሉት ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ሐሳቡን ሲያብራሩ፣ በአንድ ዘርፍ የተሰማሩ ድርጅቶች ተቀራርበው ሲሠሩ ሰፊ የሠራተኛ ገበያ፣ በጋራ የሚጠቀሙባቸው አቅራቢዎችና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ዕውቀት እንደሚያገኙ አመልክተው ነበር። አንድን የልብስ ስፌት ፋብሪካ እንውሰድ። ፋብሪካው በትንሽ ከተማ ብቻውን ቢቋቋም የማሽን ጠጋኝ ዓመቱን ሙሉ በደመወዝ ማቆየት፣ መለዋወጫ፣ ዚፕና ቁልፍም ለወራት የሚበቃ አድርጎ ማከማቸት ስለሚኖርበት ለሥራ ማስኬጃ የሚያስፈልገው ገንዘብ በመጋዘን ታስሮ ይቀራል። በርካታ ፋብሪካዎች ባሉበት ከተማ ግን ጥገናው ራሱን የቻለ ንግድ ይሆናል፤ አቅራቢውም ለብዙ ደንበኞች ስለሚያመርት ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ይችላል። ሠራተኛዋም ብትሆን አንዱ አሠሪ ሥራ ሲቀንስበት ወደ ሌላው መሄድ ስለምትችል ሙያ ለመማር ያጠፋችው ጊዜ ከንቱ አይቀርም። የሥራ አጥ ድጎማ በሌለባቸው አገሮች ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለምዶ ከሚሰጠው ግምት በላይ ክብደት አለው።

በበለጸጉ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የአንድ ከተማ ሕዝብ በእጥፍ ሲያድግ ምርታማነቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚጨምር ይገምታሉ። በእርግጥ የጭማሪው ከፊል፣ ቀድሞውኑ የተማሩትና የሥራ ተነሳሽነት ያላቸው ሰዎች ወደ ትልልቅ ከተሞች ከመሄዳቸው የሚመጣ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የመሠረተ ልማት ወጪ መቀነስ ነው። ተቀራርበው ለሚኖሩ ሰዎች የሚዘረጋ የውኃ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሲካፈል ተራርቀው ለሚኖሩት ከሚዘረጋው ያነሰ ወጪ ይጠይቃል። ጥቅሙ በከተማው ወሰን ውስጥም አይቀርም፤ በአቅራቢያው ያለው ገበሬ አትክልቱንና ወተቱን የሚገዛው ገበያ ያገኛል፣ ወደ ከተማ የሄደው ልጅም ለቤተሰቡ ገንዘብ ይልካል።

ይህ ሁሉ ግን በሕዝብ ብዛት ብቻ አይገኝም። በነዳጅና በማዕድን ሽያጭ ላይ በተመሠረቱ አገሮች ከተሞች ያለ ኢንዱስትሪ ሊያብጡ ይችላሉ፤ በእነዚህ ከተሞች አብዛኛው ሰው የሚተዳደረው ከውጭ ንግድ የተገኘው ገቢ በሚፈጥረው ችርቻሮና አገልግሎት ስለሆነ፣ የነዳጁ ዋጋ ሲወድቅ የከተማውም ኑሮ አብሮ ይወድቃል። ከዚህ በላይ ወሳኝ የሚመስለኝ ነገር ደግሞ መድረስ መቻል ነው። አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ከተማ ሠራተኛው በእግሩ ከሚደርስበት ርቀት በላይ መሄድ የማይችልበት ከሆነ፣ በስም አንድ ይሁን እንጂ በተግባር ጎን ለጎን የተቀመጡ የብዙ ትንንሽ ከተሞች ስብስብ ነው፤ አሠሪው የሚመርጠው ከሰፈሩ ሰዎች፣ ሥራ ፈላጊውም ከሰፈሩ ሥራዎች ብቻ ይሆናል። በመሆኑም የአንድን ከተማ ኢኮኖሚያዊ አቅም ለመመዘን ከነዋሪው ቁጥር ይልቅ አንድ ነዋሪ በአንድ ሰዓት ውስጥና በሚችለው የትራንስፖርት ዋጋ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን የሥራ ቦታዎች መቁጠር የተሻለ መለኪያ ነው። ይህን ቁጥር ለማሳደግ በታዳጊ አገር አቅም ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ ርካሹ፣ የዋና ዋና መንገዶችን መስመር ሰው ከመስፈሩ በፊት በመሬት ላይ ለይቶ ማስከበር ሲሆን፣ ቤቶች ከተሠሩ በኋላ ያንኑ መንገድ ማውጣት ካሳና ማፈናቀልን ስለሚያስከትል ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል።