የአፕል ዛፍ አዳቀል፣ አያያዝና የበሽታ ምልክቶች

ጣፋጭ አፕል የበላ ሰው ዘሩን ቢተክል ያንኑ አፕል መልሶ አያገኝም። ዘሩ ይበቅላል፣ ዛፉም ያድጋል፤ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ተጠብቆ የሚመጣው ፍሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ጎምዛዛ ነው። የአፕል አበባ በራሱ ዱቄት በወጉ ስለማይጸንስ እያንዳንዱ ዘር የሁለት የተለያዩ ዛፎች ልጅ ነው፤ በአንድ ፍሬ ውስጥ ያሉ ዘሮች እንኳ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ጎልደን ዴሊሸስም ሆነ ግራኒ ስሚዝ፣ በስም የሚታወቀው ዝርያ ሁሉ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ከዛፉ ቀንበጥ እየቆረጠ በሌላ ሥር ላይ ስላሳረፈው ነው።

በአማርኛ ይህ ሥራ በተለምዶ ማዳቀል ይባላል፤ ግራፍቲንግ የሚለውም ቃል ለምዷል። ማዳቀል ሁለት ዝርያ አጋብቶ ሦስተኛ ማውጣትንም ስለሚገልጽ ግን ብዙ ሰው ይደናገራል። እዚህ አዲስ ዝርያ አይወለድም። የላይኛውና የታችኛው ክፍል አንድ ዛፍ ሆነው ይኖራሉ እንጂ ዘራቸው አይቀላቀልም፤ ከመገናኛው በላይ የሚበቅለው ሁሉ የላይኛው፣ ከመገናኛው በታች የሚያቆጠቁጠው ሁሉ የታችኛው ነው። ይህን ያልተረዳ አትክልተኛ ከሥር የወጣውን ለምለም ቀንበጥ ደስ ብሎት ያሳድግና ከጥቂት ዓመት በኋላ የመረጠው ዝርያ ተውጦ ያገኘዋል።

ብርድ የሚፈልግ ዛፍ

የአፕል ዋና ቅድመ አያት ማሉስ ሲቨርሲ የሚባለው የዱር አፕል ነው፤ በማዕከላዊ እስያ በቲያን ሻን ተራሮች ዛሬም ደን ሆኖ ይበቅላል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1929 በአልማቲ አካባቢ እነዚህን ደኖች አይቶ የአፕል መነሻ እዚህ ነው ብሎ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የዘረመል ጥናት ሐሳቡን አጽንቶለታል።

ከእንዲህ ያለ ቀዝቃዛ አገር በመምጣቱ አፕል ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ ነው። ለመንቃት ደግሞ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ ብዙ ሰዓት ማሳለፍ አለበት። ከታወቁት ዝርያዎች ብዙዎቹ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ፤ አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት ግን በ300 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ይረካሉ። ብርድ ያልጠገበ ዛፍ እምቡጡ ዘግይቶና ተበታትኖ ይፈነዳል፤ ቅርንጫፉ ጫፉ ላይ ብቻ ቅጠል ይዞ መሐሉ ራቁቱን ይቀራል። በሽታ ነው ተብሎ መድኃኒት ሲረጭበት ማየት ያሳዝናል፤ መፍትሔው ከመትከል በፊት ለቦታው የሚስማማውን ዝርያ መምረጥ ነበር። በምድር ወገብ አቅራቢያ ባሉ ደጋዎች፣ ለምሳሌ በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ፣ ገበሬዎች ፍሬውን ከለቀሙ በኋላ ቅጠሉን በእጅ እየሸመጠጡ ዛፉን እንደገና እንዲያብብ ያስገድዱታል።

ሥሩ የሚወስነው

ከታች የሚሆነው ተክል ሩትስቶክ፣ ከላይ የሚቀመጠው ቀንበጥ ሳዮን ይባላል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ላይኛው ነው፤ የዛፉን ቁመት፣ ፍሬ የሚጀምርበትን ዓመትና ሥር ላይ የሚመጣ በሽታን የመቋቋም አቅሙን በአብዛኛው የሚወስነው ግን የታችኛው ነው። በእንግሊዝ ኬንት እ.ኤ.አ. በ1913 የተቋቋመው የኢስት ሞሊንግ ምርምር ጣቢያ በችግኝ ጣቢያዎች በየስሙ ተደባልቀው የነበሩትን ሥሮች ለይቶ ቁጥር ሰጣቸው፤ ዛሬም የአፕል አምራቾች በእነዚህ ቁጥሮች ይግባባሉ።

ኤም 9 ዛፉን ከ2 እስከ 3 ሜትር ላይ ያቆመዋል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ያሳያል። ሥሩ ግን ደካማና ተሰባሪ ስለሆነ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ ድጋፍ ይፈልጋል። ኤም ኤም 106 መካከለኛ ነው፤ ኤም ኤም 111 ከዚያ ይበልጣል፣ ድርቅንም ይችላል። ኤም ኤም የሚባሉት ኖርዘርን ስፓይ ከሚባል ዝርያ ጋር ተጋብተው ስለወጡ ሥር ላይ የሚሰፍረውን ጥጥ መሳይ ክሽክሽ ይቋቋማሉ። ከዘር የበቀለ ሥር ጠንካራና ረጅም ዕድሜ ያለው ዛፍ ይሰጣል፤ ትዕግሥትና ሰፊ ቦታ ላለው ሰው መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ቀንበጡና ቢላው

ሳዮን የሚቆረጠው ዛፉ ተኝቶ ሳለ፣ እምቡጡ ማበጥ ሳይጀምር ነው። ያለፈው ዓመት እድገት የሆነ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ፀሐይ ካገኘ ቅርንጫፍ የተገኘ ቀንበጥ ይመረጣል። እርጥበት ባለው ወረቀት ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ከ1 እስከ 4 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ የበሰለ ፍራፍሬ ካለ ግን ከፍሬው የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ እምቡጡን ይገድለዋል። ይህ ጉዳት ብዙ ጊዜ በአዳቃዩ እጅ ይመካኛል።

የማዳቀል ምስጢሩ ሁሉ ካምቢየም በምትባል ስስ አረንጓዴ ንብርብር ውስጥ ነው፤ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ትገኛለች። ቀንበጡን በጥፍር ቧጨር ሲያደርጉት ብቅ የምትለው እርጥብ አረንጓዴ ከእርሷ ጋር ተያይዛ የምትገኝ ናት፤ ቡናማ ሆና ከደረቀች ቀንበጡ ሞቷል። የሁለቱ ካምቢየሞች ሲነካኩ ካለስ የተባለ ለስላሳ ሥጋ ያበቅላሉ፤ ካለሱ ክፍተቱን ሞልቶ ውኃና ምግብ የሚያልፍበት አዲስ ቧንቧ ይሠራል። ከ4 ዲግሪ በታች ሥራው እጅግ ይዘገያል፤ ከ32 ዲግሪ በላይ ደግሞ ይጎዳል።

ውፍረታቸው እኩል ለሆነ ግንዶች የምላስ አዳቀል የሚባለውን የሚተካከል አላየሁም። ሁለቱም ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሰያፍ ቁርጥ ይወጣል። ቢላው የተሳለ መሆን አለበት፤ ቁርጡም በአንድ ጉተታ ማለቅ አለበት። እየመላለሱ የቆረጡት ፊት ወጣ ገባ ይሆናል፣ ገጥሞም ብርሃን ያሳልፋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ሰያፍ ፊት ላይ ከጫፉ አንድ ሦስተኛ ገባ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱ ምላሶች እርስ በርስ ተጎራርሰው ሲገቡ ቀንበጡ እጅ ቢለቀውም ይቆማል። ሳዮኑ ከሥሩ ቀጠን ካለ በአንድ ጎን ቅርፊት ከቅርፊት ጋር እኩል ይደረጋል እንጂ መሐል ላይ አይቀመጥም፤ መሐል ላይ ከዋለ በሁለቱም በኩል ካምቢየሙ ሳይገናኝ ይቀራል። በሚለጠጥ ፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ጫፉ ደግሞ እንዳይደርቅ በሰም ይሸፈናል። ሦስት ወይም አራት እምቡጥ ይበቃል። እምቡጦቹ ወደ ላይ ማየታቸውን ደግሞ ማረጋገጥ ደግ ነው፤ ተገልብጦ የታሰረ ቀንበጥ ዛፍ አይሆንም።

ወፍራም የቆየ ዛፍን ዝርያ ለመቀየር ግንዱ ተቆርጦ ይሰነጠቃል ወይም ቅርፊቱ ተላቆ ቀንበጥ ይሰካበታል። በእድገት ወቅት ደግሞ አንድ እምቡጥ ብቻ ከትንሽ ቅርፊት ጋር ተልጦ ይተከላል፤ የቀንበጥ እጥረት ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

የታሰረው ፕላስቲክ ከወራት በኋላ ካልተፈታ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል። ሲተከልም መገናኛው ከአፈር በላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር መቆየት አለበት። ከተቀበረ ሳዮኑ የራሱን ሥር ያወጣና አጭር እንዲሆን የተመረጠው ዛፍ ወደ ትልቅነቱ ይመለሳል።

የየዓመቱ ሥራ

አፕል ብቻውን ተተክሎ እምብዛም አያፈራም፤ በተመሳሳይ ሳምንት የሚያብብ ሌላ ዝርያ ንብ በሚደርስበት ርቀት ያስፈልገዋል። ጆናጎልድ፣ ሙትሱና ብራምሊ ደግሞ ዱቄታቸው ለሌላው ስለማይረባ ሁለት ሌሎች ዝርያዎች አብረዋቸው ቢተከሉ ይመረጣል።

መግረዝ ብርሃንና ንፋስ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። የሞተ፣ የታመመና እርስ በርስ የሚፋተግ ቅርንጫፍ ይወጣል። በዋናው ግንድ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ ቅርንጫፍ ሲያፈራ ይገነጠላል፤ ለጋ ሳለ ወደ ጎን ጎተት ተደርጎ ቢታሰር ይጠነክራል፣ ቶሎም ያፈራል። ፍሬ ማሳሳት ደግሞ ልብ የሚከብደው ሥራ ነው፤ ከአንድ ዘለላ አንድ ፍሬ፣ በየ15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትሩ አንድ አስቀርቶ የቀረውን ለጋ ፍሬ መጣል። ይህ ካልተደረገ ዛፉ በዚህ ዓመት ትንንሽ ፍሬ ያንጋጋና በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል።

ጉዝጓዝ ጥሩ ነው፤ ግንዱን ሊነካ ግን አይገባም።

ምልክቱን መለየት

ብዙ ጊዜ ዛፍ የሚሞተው መድኃኒት ስለጠፋ ሳይሆን ምልክቱ ዘግይቶ ስለታየ ነው። አበባ ላይ፣ ለጋ ቀንበጥ ላይ፣ ቅጠሉ ጀርባ ላይና ግንዱ ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በየሳምንቱ ዓይን መጣል ከማንኛውም ርጭት ይበልጣል።

እጅግ የሚፈራው ፋየር ብላይት ነው፤ ኧርዊኒያ አሚሎቮራ በተባለ ባክቴሪያ ይመጣል። በሰሜን አሜሪካ ሁድሰን ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ ታይቶ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ቶማስ በሪል በባክቴሪያ እንደሚመጣ አሳየ፤ በባክቴሪያ መምጣቱ የታወቀ የመጀመሪያው የዕፅዋት በሽታ ይህ ነው። ንቦችና ዝናብ ከአበባ ወደ አበባ ያደርሱታል። አበባው ይጠወልግና ይጠቁራል፤ የቀንበጡ ጫፍ እንደ ምርኩዝ እጀታ ይቆለመማል፣ ቅጠሉም በእሳት የተለበለበ መስሎ ሳይረግፍ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በእርጥብ ቀን ከቁስሉ የማር ጠብታ የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ምልክቱ ካለበት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ጤናማ እንጨት ላይ፣ ደረቅ ቀን ተመርጦ ይቆረጣል፤ መቀሱ በየቁርጡ በ70 በመቶ አልኮል ይታጠባል። ኤም 9 ለዚህ በሽታ በጣም የተጋለጠ ስለሆነ በሽታው ሥሩ ከደረሰ ዛፉ አይተርፍም። ናይትሮጅን የበዛበት ፈጣን እድገትም በሽታውን ይጋብዛል።

እከክ ከሁሉ የተስፋፋው ነው። ቬንቱሪያ ኢናኳሊስ የተባለው ፈንገስ በረገፈ ቅጠል ላይ ከርሞ፣ እምቡጥ ሲፈነዳ በዝናብ ይነሣል። ቅጠሉ ላይ እንደ ከፋይ የለሰለሰ የወይራ ቀለም ያለው ነጥብ፣ ፍሬው ላይ ደግሞ ደርቆ የሚሰነጠቅ ጥቁር ቁስል ይታያል። ሞቅ ባለ አየር ቅጠሉ 9 ሰዓት ያህል ረጥቦ ከቆየ በሽታው ይያዛል፤ ቅዝቃዜ ሲኖር ከዚያ እጥፍ በላይ ይፈልጋል። የረገፈውን ቅጠል መሰብሰብ፣ ወይም 5 በመቶ የዩሪያ ውኃ ረጭቶ ቶሎ እንዲበሰብስ ማድረግ የሚቀጥለውን ዓመት በሽታ በእጅጉ ይቀንሳል። ሊበርቲን የመሰሉ እከክን የሚቋቋሙ ዝርያዎችም አሉ።

ነጭ ዱቄት የመሰለው ሻጋታ ከእከክ በተቃራኒ ቅጠል እንዲረጥብ አይፈልግም። እምቡጥ ውስጥ ስለሚከርም አዲሱ ቀንበጥ ሲወጣ አመዳይ የወረደበት ይመስላል፤ ያንን ጫፍ ወዲያው ቆርጦ ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው።

ዛፉ ያለ ምክንያት ቢዳከም፣ ቅጠሉም ያለ ጊዜው ወደ ቀይነት ቢያደላ፣ ጎንበስ ብሎ ግንዱን ከአፈር አጠገብ መቧጨር ነው። ከቅርፊቱ ሥር ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ብስባሽ ከታየ ፋይቶፍቶራ የተባለው የግንድ ሥር አበስባሽ በሽታ ነው፤ ውኃ የሚቋጥር መሬት ያመጣዋል፣ ኤም ኤም 106 ደግሞ ቶሎ ይሸነፍለታል። በግንድና በቅርንጫፍ ላይ ቀለበት በቀለበት የሚሰፋ የተሰረጎደ ቁስል ከሆነ ደግሞ የቅርፊት ነቀርሳ ነው፤ ተቆርጦ ይቃጠላል።

በቁስል ዙሪያ የጥጥ ቁራጭ የመሰለ ነገር ካለ በጣት ይጨመቅ፤ ጣት ላይ ቀይ ቡናማ እድፍ ከቀረ ጥጥ መሳይ ክሽክሽ ነው። ፍሬው ላይ ቀዳዳና ከቀዳዳው የሚወጣ ብናኝ ያየ ሰው የኮድሊንግ ሞዝ ትል ውስጥ እንዳለ ይወቅ። የሰረጎዱ ቡናማ ነጥቦች ከነመራራ ሥጋቸው ግን ተባይም ፈንገስም አይደሉም፤ ፍሬው ካልሲየም አጥቷል፣ ብዙውን ጊዜም ውኃው ስለተዛባና ናይትሮጅን ስለበዛ ነው።

ቫይረስ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። ቅጠል ላይ ክሬም የመሰለ ቢጫ ዝንጉርጉር የሚያወጣው ሞዛይክ ቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ በዋናነት የሚተላለፈውም በማዳቀል ነው። ምንም ምልክት የማያሳዩ ቫይረሶችም አሉ። ዝርያውን ያቆየው ቢላ በሽታውንም ያቆያል ማለት ነው። ስለዚህ ሳዮን የሚቆረጥበት ዛፍ በብርድ ወቅት ብቻ ሳይሆን ቅጠል ለብሶ ሳለም ታይቶ፣ ጤናው ተመዝግቦ ቢጠብቅ ትልቅ ጥቅም አለው።

ሳውዝዌል ውስጥ ያለው ዛፍ

እ.ኤ.አ. በ1809 በእንግሊዝ ኖቲንግሃምሻየር በሳውዝዌል ከተማ ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የተባለች ልጅ የአፕል ዘር ተከለች። ቤቱን በኋላ ማቲው ብራምሊ የተባለ ሥጋ ሻጭ ገዛው። በ1856 ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ቀንበጥ እንዲቆርጥ ፈቃድ ጠየቀ፤ ባለቤቱም አፕሉ በስሙ እንዲጠራ ብሎ ፈቀደለት። ዛፉ በ1900 በማዕበል ወድቆ ከወደቀበት እንደገና ሥር ሰደደ። ይዞት ያለው ግን የማር ፈንገስ የሚባለው የአርሚላሪያ በሽታ ነው፤ በሥር በኩል ገብቶ እንጨቱን ይበላል፣ ፈዋሽ የለውም። ፈንገሱ የሚኖረው ሥርና የግንዱ ታች ላይ ስለሆነ ግን ከላይ የተቆረጠው ቀንበጥ በሌላ ጤናማ ሥር ላይ ዳግም ይበቅላል፤ በየአትክልት ቦታው ብራምሊ ተብሎ የሚያፈራው ዛፍ ሁሉ ልጅቱ የተከለችው የዚያው ዛፍ ቅርንጫፍ ነው።