አንኮርን በቀናት፦ የጥንታዊ ክመር ቤተ መቅደሶች ጉብኝት

አንኮር በሰሜን ምዕራብ ካምቦዲያ የሚገኝ ሰፊ የቤተ መቅደሶች፣ የጫካና የመንደሮች ምድር ነው። ከ9ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የክመር (የካምቦዲያ ዋነኛ ሕዝብ) ነገሥታት መናገሻ ነበር። ዩኔስኮ በ1992 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ክልል ብቻ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።) ጎብኚዎች የሚያድሩት ከቤተ መቅደሶቹ በስተደቡብ ባለችው በሲየም ሪፕ ከተማ ነው። በየቀኑ ከዚያ ወጥተው ይመለሳሉ።

ብዙ ሰው ቦታውን የሚያውቀው አንኮር ዋት በተባለው አንድ ቤተ መቅደስ ነው። ካምቦዲያም በባንዲራዋ ላይ ያደረገችው እሱን ነው። በጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄድ ሰው ጥሩ ጥሩ ፎቶ ይዞ ይመለሳል፤ ማን ምን መቼ እንደሠራ ግን ይምታታበታል። የስድስት መቶ ዓመት ሥራ በአንድ ቀን አይጨበጥም። በአስጎብኚ የሚመራ የሦስት፣ የአራት ወይም የአምስት ቀን ጉብኝት የተለመደው ለዚህ ነው።

ቀኑ እንዴት ይውላል

በድርጅት በኩል የሚያዝ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ አስጎብኚ፣ መኪና ከነሹፌሩና ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምራል። የመግቢያ ትኬቱ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ቡድን የማይወድ ሰው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ በቀን ሂሳብ ለብቻው መቅጠር ይችላል። ለቅርቦቹ ቤተ መቅደሶች መኪናም አያስፈልግም። ሬሞርክ የሚሉት፣ በሞተር ሳይክል የሚጎተት ባለ ጣሪያ ጋሪ አለ። እኛ የምናውቀው ባጃጅም በከተማው ሞልቷል።

ቀኑን የሚከፍለው ሙቀቱ ነው። በማለዳ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ሆቴል ገብቶ ይታረፋል፣ ከ9 ሰዓት በኋላ እንደገና ይወጣል። ይህን እረፍት ሰርዞ አንድ ሁለት ቤተ መቅደስ የሚጨምር ፕሮግራም ካያችሁ ተጠራጠሩ። በተለይ በኤፕሪል ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለጉዞ የሚመረጠው ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ደረቅ ጊዜ ነው፤ ሰው የሚበዛውም ያኔ ነው። በዝናቡ ወራት ደግሞ ግርግሩ ይቀንሳል፣ ቦዮቹ ይሞላሉ፣ ድንጋዩ በሽበት ይለመልማል። ጃንጥላ ለያዘ ሰው እሱም አይከፋም።

ትኬቱን የሚሸጠው አንኮር ኢንተርፕራይዝ የተባለ የመንግሥት ድርጅት ነው። ከ2017 ጀምሮ በወጣው ተመን የአንድ ቀን 37፣ የሦስት ቀን 62፣ የሰባት ቀን 72 ዶላር ነው። የሦስት ቀኑን በ10 ቀን ውስጥ፣ የሰባት ቀኑን በአንድ ወር ውስጥ አከፋፍሎ መጠቀም ይቻላል። ከሦስት ወደ ሰባት ቀን ለማሳደግ የሚጨመረው 10 ዶላር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከእያንዳንዱ ትኬት 2 ዶላር ካንታ ቦፋ ለተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ይሄዳል። ትኬቱ ላይ የባለቤቱ ፎቶ ስለሚታተም ለሌላ ሰው አይተላለፍም። አለባበስ ላይ ቀልድ የለም፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ቦታው ዛሬም ሰው የሚጸልይበት ነውና።

ከየት ይጀመር

ዛሬም ድረስ የሚሠራባቸውን ሁለት መንገዶች ያወጡት በቅኝ ግዛት ዘመን የነበሩት ፈረንሳውያን ናቸው። አንደኛው «ትንሹ ዙር» ሲሆን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው «ትልቁ ዙር» 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱም የወጡት ለመኪና መንገድ እንዲመቹ እንጂ ታሪኩን ተከትለው አይደለም። አብዛኛው ጉብኝት የመጀመሪያውን ቀን በአንኮር ዋት ንጋት ይጀምራል። ይህ ከታሪኩ መሐል ገብቶ መጀመር ነው። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ ያነሰ ይመስላል፤ ተጓዡም በሁለተኛው ቀን «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ማለት ይጀምራል። ምርጫው የእናንተ ከሆነ አስጎብኚውን በዘመን ቅደም ተከተል እንዲወስዳችሁ ጠይቁት። ነዳጁ ትንሽ ይበዛል፣ ግን ያዋጣል።

በዚያ አካሄድ የመጀመሪያው ጠዋት የሚውለው ከሲየም ሪፕ በስተምሥራቅ ባለው ሮሉዎስ ነው። የክመር መንግሥት ልደት ተደርጎ የሚቆጠረው 802 ነው። በዚያ ዓመት ዳግማዊ ጃያቫርማን በኩለን ተራራ ላይ የዓለም ሁሉ ንጉሥ ነኝ ብሎ አወጀ። እሱን የተከተሉት ነገሥታት መናገሻቸውን ሮሉዎስ ላይ አደረጉ። በ881 ቀዳማዊ ኢንድራቫርማን ያስመረቀው ባኮንግ ከትልልቆቹ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ቀዳሚው ነው። ደረጃ በደረጃ እየጠበበ የሚወጣ ፒራሚድ ሲሆን ዙሪያው በውሃ ቦይ የታጠረ ነው። ሐሳቡ ከሂንዱ እምነት የመጣ ነው። ፒራሚዱ አማልክት የሚኖሩበት የሜሩ ተራራ ነው፤ ቦዩ ደግሞ ዓለምን የከበበው ውቅያኖስ። ይህን እዚህ የተረዳ ሰው የቀሩትን ቤተ መቅደሶች ያለ ብዙ ማብራሪያ ማንበብ ይችላል።

ቀጥሎ መናገሻው ወደ አንኮር ዞረ። ቀዳማዊ ያሶቫርማን በባኬንግ ኮረብታ ላይ የራሱን ቤተ መቅደስ ሠራ። ዛሬ ኮረብታው ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት ሰው የሚጋፋበት ሆኗል። በአንድ ጊዜ ከ300 በላይ ሰው ስለማይፈቀድ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ወረፋ አለ። እኔ ብሆን ፕሬ ሩፕ የተባለውን ቤተ መቅደስ እመርጣለሁ፤ እዚያም ከላይ ሆኖ ጀምበሯን ማየት ይቻላል።

በ928 አራተኛው ጃያቫርማን ዙፋኑን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ኮ ኬር ወሰደው። እስከ 944 ድረስ ዋና ከተማ የነበረው እሱ ነው። ባለ ሰባት እርከኑ ፒራሚድ 36 ሜትር ከፍታ አለው። ቦታው በ2023 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከሲየም ሪፕ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ሙሉ ቀን ይበላል፤ የመግቢያ ክፍያውም ለብቻው ነው። በመንገዱ ላይ ዛፍ የዋጠው የቤንግ ሚልያ ቤተ መቅደስ ስላለ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የተለመደ ነው።

ባንቴይ ስሬይ ትንሽ ነው፣ ግን ብዙ ሰው አንደኛ ብሎ የሚያወጣው እሱን ነው። በ967 የተመረቀ ሲሆን ያሠራው ንጉሥ ሳይሆን ያጅናቫራሃ የተባለ የቤተ መንግሥት አማካሪ ነው። ድንጋዩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ቅርጹ እንጨት ላይ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ጥልቅና ደቃቅ ነው። በኋላ የፈረንሳይ የባህል ሚኒስትር የሆነው አንድሬ ማልሮ በ1923 ከዚህ ምስሎች ቆርጦ ሲያወጣ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ሰውየው ሚኒስትር ከመሆን ያገደው ነገር አልነበረም።

ባፑዎን ደግሞ ታሪኩ ከሕንፃው ይበልጣል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ግዙፍ ፒራሚድ ነው። መፍረስ ስላስፈራ ፈረንሳውያን ባለሙያዎች ከ1960 ጀምሮ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነቅለው በቁጥር ለይተው ጫካው ውስጥ ዘረጓቸው። ወደ 300,000 የሚሆን ድንጋይ ነው። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፤ በ1975 ክመር ሩዥ የተባለው ኮሙኒስት ቡድን ሥልጣን ያዘ፤ የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገባ የሚናገሩት ሰነዶች ጠፉ። ሥራው በ1995 እንደገና ሲጀመር ባለሙያዎቹ መልሱ የጠፋ እንቆቅልሽ ነው የጠበቃቸው። እያንዳንዱ ድንጋይ የሚገጥመው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ በመሐሉ የሚያያይዘው ሲሚንቶ የለም። ግንባታው ያለቀው በ2011 ነው። በምዕራብ በኩል ግድግዳውን ራቅ ብላችሁ ካያችሁት፣ በኋለኛው ዘመን ከዚያው ድንጋይ የተሠራ፣ በጎኑ የተኛ ትልቅ ቡድሃ ይታያል። ካላሳዩት ማንም ሰው አያስተውለውም።

አንኮር ዋት

አሁን ነው ወደ አንኮር ዋት መምጣት። ዳግማዊ ሱርያቫርማን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ ክብር አሠራው። በዙሪያው ያለው ቦይ 190 ሜትር ስፋት አለው፤ መካከለኛው ግንብ 65 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዩ የመጣው ከኩለን ተራራ ግርጌ ነው። ሌሎቹ ቤተ መቅደሶች በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ይህ ወደ ምዕራብ ያያል። ምዕራብ የሞት አቅጣጫ ስለሆነ ለንጉሡ መቃብር ታስቦ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። የግድግዳው ምስሎች የሚነበቡበት አቅጣጫም ለዚህ እንደ ማስረጃ ይቀርባል።

በሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይከፈታል። ሕዝቡ በሰሜን በኩል ባለው ኩሬ ዳር ስልኩን ከፍ አድርጎ ፀሐይ ይጠብቃል። ፀሐይ ወጥታ ሰው ለቁርስ ሲበተን ግን ዋናው ነገር ይጀምራል፤ የግድግዳ ላይ ቅርጾቹ። በምሥራቅ በኩል 49 ሜትር የሚረዝም አንድ ትዕይንት አለ። አማልክት በአንድ ወገን፣ አሱራ የሚባሉት ባላንጣዎቻቸው በሌላው ወገን ሆነው ግዙፍ እባብ እንደ ገመድ ይጎትታሉ። ጉተታው የወተት ባሕርን ለመናጥና የማይሞት የሚያደርገውን መጠጥ ለማውጣት ነው። በደቡብ በኩል ሱርያቫርማን ራሱ በ15 ጃንጥላዎች ጥላ ሥር ተቀምጦ ይታያል። ከእሱ ቀጥሎ 37 ገነትና 32 ሲኦል በየተራ ተቀርጸዋል። ሲኦሎቹ ይበልጥ ዝርዝር አላቸው፤ ቀራጩ እዚያ ላይ እንደተደሰተበት ያስታውቃል። ያለ አስጎብኚ ይህን በአሥር ደቂቃ ማለፍ ይቻላል። ጥሩ አስጎብኚ ካለ ግን ሁለት ሰዓት አይበቃም።

ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወስደው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፣ ከፍታ የሚፈራ ሰው ይቅርበት። በቡድሃ እምነት በዓላት ቀን ይዘጋል።

«ፈረንሳዊው አንሪ ሙኦ በ1860 አንኮርን አገኘ» የሚለው ወሬ ዛሬም ይሰማል። ሙኦ ሲመጣ መነኮሳት አንኮር ዋት ቅጥር ውስጥ ይኖሩ ነበር። በ1632 ከጃፓን የመጣ ተሳላሚ በአምዱ ላይ ጽሑፍ ትቶ ሄዷል። የፖርቱጋል መነኩሴም በ1586 ደርሶበታል። ቦታው ጠፍቶ አያውቅም።

የሰባተኛው ጃያቫርማን ዘመን

በ1177 ዛሬ ቬትናም በሚባለው ምድር የነበሩት ቻሞች አንኮርን ወረሩ። በ1181 የነገሠው ሰባተኛው ጃያቫርማን ዛሬ አንኮር ቶም የምትባለውን ከተማ እንደ አዲስ ሠራ። እያንዳንዱ ጎን 3 ኪሎ ሜትር፣ ግንቡ 8 ሜትር ከፍታ። ንጉሡ ማሃያና የተባለው የቡድሃ እምነት ክፍል ተከታይ ነበር። በመንግሥቱ 102 ሐኪም ቤቶች እንደነበሩ የዘመኑ ጽሑፍ ይናገራል። በከተማዋ እምብርት ያለው ባዮን በፈገግታ የሚያዩ ግዙፍ ፊቶች የሞሉት ነው። ፊቱ የማን እንደሆነ፣ የንጉሡ ይሁን የቡድሃ እምነት ቅዱስ፣ ምሁራን አልተስማሙም።

ከፊቶቹ ይልቅ ታች ያለውን ግድግዳ ረጋ ብላችሁ እዩት። አንኮር ዋት የአማልክትን ሥራ ሲያሳይ ባዮን የሕዝቡን ኑሮ ያሳያል። ዶሮ የሚያዋጉ ሰዎች፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት፣ ወጥ ቤት፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ዕቃ የሚመዝኑ ነጋዴ ሴቶች። በ1296 ከቻይና በመልእክተኝነት መጥቶ አንድ ዓመት ገደማ የቆየው ዦ ዳጓን በጻፈው ዘገባ ገበያው በሴቶች እጅ እንደሆነ ይገልጻል። ግድግዳውና ዘገባው እርስ በርስ ይመሰክራሉ።

ታ ፕሮም በ1186 ለንጉሡ እናት፣ ፕሬያ ካን በ1191 ለአባቱ የተሠሩ ናቸው። ታ ፕሮም ዛፎቹ ሥሮቻቸውን በጣሪያው ላይ ያፈሰሱበት ነው። የሆሊውድ ፊልም ስለተቀረጸበት በአንዱ በር ፎቶ ለመነሳት ሰልፍ አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሲከፈት ካልተገባ ትርፉ መተፋፈግ ነው። ፕሬያ ካን በስፋትም በውበትም አያንስም፣ ሰልፍ ግን የለም።

ፕሮግራሙ ላይ የማይጻፈው

ክመሮች ከተማቸውን ያቆሙት በውሃ ነው። ምዕራብ ባራይ የተባለው ማጠራቀሚያ ብቻ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 2 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በ2012 ከሄሊኮፕተር በሌዘር የተደረገ ቅየሳ ጫካው ሥር የተሸፈኑ መንገዶችን፣ ቦዮችንና የሰፈር ቦታዎችን አወጣ። ተራው ሕዝብ በእንጨት ቤት ይኖር ስለነበር የቀረው ድንጋዩ ብቻ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድርቅና ከባድ ጎርፍ ተፈራርቀው የውሃውን ሥርዓት አናጉት። በ1431 ደግሞ ዛሬ ታይላንድ በሚባለው ምድር ከነበረው የአዩታያ መንግሥት ጦር መጣ።

የዛሬው ጣጣም አለ። ከ2022 ጀምሮ መንግሥት በቅርሱ ክልል ይኖሩ የነበሩ 10,000 ያህል ቤተሰቦችን ወደ አዲስ ሰፈር ማዛወር ጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2023 ግዳጅ ማፈናቀል ነው አለ፤ መንግሥት በፈቃዳቸው ነው ይላል። ጎብኚው ከሻይ ቤቶቹ መቀነስ በቀር ብዙም አያስተውለውም።

በታይላንድ ድንበር ገደል አፋፍ ላይ ያለው የፕሬያ ቪሂር ቤተ መቅደስ በአንዳንድ ረጃጅም ጉብኝቶች ውስጥ ይካተት ነበር። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1962 ለካምቦዲያ ፈርዶለታል፣ ጥሉ ግን አልበረደም። በ2025 በድንበሩ ላይ ውጊያ ተነስቷል፤ የየብስ መተላለፊያዎቹም ተዘግተዋል። ስለዚህ ከባንኮክ በአውቶቡስ እመጣለሁ የሚል ሰው ከመነሳቱ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ ያጣራ። በአውሮፕላን የሚመጣ ደግሞ በ2023 የተከፈተው አዲሱ ማረፊያ ከሲየም ሪፕ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚርቅ ይወቅ፤ የቀድሞው እዚሁ ከከተማው አጠገብ ነበር።

በመጨረሻም ቤተ መቅደሶቹ ውስጥ ባዶ መቀመጫ ብዙ ታያላችሁ። በጦርነቱ ዘመን ሐውልቶች እየተቆረጡ በታይላንድ በኩል ወደ ምዕራቡ ዓለም ይሸጡ ነበር። ኮ ኬር ክፉኛ ተዘርፏል። በቅርብ ዓመታት አንዳንዶቹ እየተመለሱ ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2023 መጨረሻ 14 ቅርሶችን ለካምቦዲያ እንደሚመልስ አስታውቋል። ጊዜ ያለው ሰው ጉብኝቱን በዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን፣ በብሔራዊ ሙዚየሙ ቢጨርስ ጥሩ ነው፤ ከየቤተ መቅደሱ የተነሱት ሐውልቶች ብዙዎቹ ያሉት እዚያ ነው።