ግሎባል ስክሪን ፈንድ፦ ለብሪታንያ ነጻ የፊልም ኩባንያዎች የውጭ ገበያ ድጋፍ

የዩናይትድ ኪንግደም ግሎባል ስክሪን ፈንድ ነጻ፣ ማለትም ከትላልቅ ስቱዲዮዎች ውጭ የሆኑ፣ የፊልምና የስክሪን ኩባንያዎች በውጭ ገበያ እንዲሠሩና እንዲያድጉ የሚሰጥ የማይመለስ ድጋፍ ነው። ገንዘቡን የሚመድበው መንግሥት ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ነው።

የፈንዱ መነሻ ብሬግዚት፣ ማለትም የብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት፣ ነው። ከ1991 ጀምሮ ሜዲያ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የፊልም ድጋፍ ፕሮግራም፣ ከ2014 ወዲህ ደግሞ እሱን የጠቀለለው ክሪኤቲቭ ዩሮፕ፣ ለብሪታንያ አከፋፋዮችና ፕሮዲውሰሮች ጠንካራ ምርኩዝ ነበር። ይህ በ2020 ማብቂያ ሲቋረጥ፣ በሚያዝያ 2021 ፈንዱ በ7 ሚሊዮን ፓውንድ የአንድ ዓመት ሙከራ ተጀመረ፤ በ2022 ለሦስት ዓመት 21 ሚሊዮን ተመደበለት። የቀድሞውን ይተካል ወይ በሚለው ላይ ክርክር አለ። የሜዲያ ፕሮግራም ሥልጠናና የሲኒማ ቤቶች ትስስርም ነበረው። ያም ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ የማመልከቻ በር መክፈት ቀላል ሥራ አልነበረም።

ፈንዱ ሦስት ዘርፎች አሉት፦ የፊልም ሽያጭና ስርጭት፣ የኩባንያ ዕድገት፣ የጋራ ፕሮዳክሽን (የሁለት ወይም ከዚያ በላይ አገሮች ኩባንያዎች አብረው የሚሠሩት ፊልም)። በብዛት ስህተት የሚታየው በኩባንያ ዕድገት ላይ ነው። አመልካቹ የአንድ ፊልም ታሪክና በጀት ይዞ ይቀርባል፤ የሚጠየቀው ግን የኩባንያው ስልት ነው፦ የትኛው አገር፣ ለምን ያ አገር፣ ማን ይቀጠራል፣ ገቢው በስንት ጊዜ ይጨምራል። «በፌስቲቫሎች ላይ እንገኛለን» የሚል ዕቅድ ከማን ጋር ምን ለመዋዋል እንደሆነ ካልተናገረ የጉዞ ወጪ ዝርዝር ብቻ ይሆናል። ድጋፍ በክፍልፋይ ሲለቀቅና የመጨረሻው ክፍያ ሪፖርት ሲጠብቅ ደግሞ፣ በኪሱ መጠባበቂያ የሌለው ኩባንያ ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል።

በጋራ ፕሮዳክሽን ዘርፍ፣ ፈንዱ ሲጀመር የድጋፉ ጣሪያ ለአንድ ፊልም 300,000 ፓውንድ ነበር። የብሪታንያው ፕሮዲውሰር በመብትና በገቢ ላይ ያለው ድርሻ ካመጣው ገንዘብ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ባዶ ስሙን ብቻ ያዋሰ ሰው ውሉ ሲታይ ይጋለጣል። ይፋዊ የጋራ ፕሮዳክሽን ለመሆን ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለ የጋራ ፕሮዳክሽን ስምምነት ወይም የአውሮፓ ኮንቬንሽን (ብዙ አገሮች የፈረሙት የጋራ ፕሮዳክሽን ስምምነት) ያስፈልጋል፤ ጊዜያዊው የምስክር ወረቀት ማመልከቻ ቀረጻ ከመጀመሩ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ መግባት አለበት። ይህ ቀን ካለፈ ጥሩ ስክሪፕት አያድንም። ከ2024 ሚያዝያ 1 ወዲህ ቀረጻ የጀመሩና በጀታቸው ከ15 ሚሊዮን ፓውንድ ያልበለጠ ነጻ ፊልሞች፣ መስፈርቱን ካሟሉ፣ በብሪታንያ ወጪያቸው ላይ 53 በመቶ የታክስ ክሬዲት (በግብር ሥርዓቱ በኩል የሚሰጥ ማበረታቻ) ስለሚያገኙ የፈንዱን ድጋፍና ይህን ክሬዲት በአንድ የፋይናንስ ሠንጠረዥ አዛምዶ ማሳየት ይጠቅማል።

ከአፍሪካ ከብሪታንያ ጋር የጋራ ፕሮዳክሽን ስምምነት ያላቸው ደቡብ አፍሪካና ሞሮኮ ናቸው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም። አመልካቹ በብሪታንያ የተመዘገበ ኩባንያ መሆን ስላለበት፣ አዲስ አበባ ያለ ፕሮዲውሰር በሩን የሚያገኘው በለንደን ወይም በሌላ የብሪታንያ ከተማ ባለ አጋር በኩል ነው። ውሉ ላይ የመብት ክፍፍሉ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ይጻፍ፤ ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ሲጀመር ድርድሩ ከባድ ይሆናል።