«ዳኛው ልጁን ለእኔ ሰጥቶኛል»፦ ከፍቺ በኋላ ታክስ ስንሞላ

አሜሪካ ውስጥ የታክስ ወቅት በመጣ ቁጥር ከተፋቱ ወላጆች የማይቀር አንድ አባባል አለ፦ «ፍርድ ቤቱ ዘንድሮ ልጁን ታክሴ ላይ እኔ እንድሞላ ወስኗል፤ ስለዚህ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ (ልጅ ይዞ ቤት ለብቻው ለሚያስተዳድር የተሰጠ፣ ታክስ የሚያቀል የአሞላል ምድብ) ነኝ።» ይህ ስንት ጊዜ ተነግሮ ስንት ጊዜ ተደገመ! መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እናጽዳ።

«ዓመቱን በሙሉ ተጋብተን ነበር፤ አብረን እንሞላለን።» የሚታየው ዲሴምበር 31 ብቻ ነው። ፍቺው ዲሴምበር 30 ቢጸድቅ እንኳ ለአይ አር ኤስ (ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ዓመቱን ሙሉ ያላገባችሁ ናችሁ።

«የልጅ ቀለብ ገቢ ነው።» አይደለም፤ ለከፋዩም አይቀነስለትም።

«በሽማግሌ ተለያይተናል።» ሽምግልናው ይከበራል፤ ታክስ ላይ ግን ፍርድ ቤት የመጨረሻ የፍቺ ወይም የመለያየት ውሳኔ እስኪሰጥ ባለትዳር ናችሁ፤ ሲንግል (ያላገባ) ብሎ መሙላት አይቻልም። አንድ መውጫ አለ፦ የትዳር ጓደኛው የዓመቱን መጨረሻ 6 ወራት ቤቱ ውስጥ ካልኖረ፣ ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ እዚያ ከኖረ፣ የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ የሸፈነችው እናት ከሆነች፣ ለብቻዋ ስትሞላ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ትሆናለች። ኦገስት ላይ ዕርቅ ተሞክሮ ሁለት ሳምንት አብረው ከኖሩ ግን ፈረሰ።

አሁን ወደ ዋናው። የልጁን ክሬዲት መውሰድ ሌላ፣ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ መሆን ሌላ። ቻይልድ ታክስ ክሬዲት (በልጅ ምክንያት ከታክሱ ላይ የሚቀነሰው) በፎርም 8332 ይተላለፋል፤ ልጁ ብዙውን ሌሊት የሚያድርበት ወላጅ ይፈርማል፣ ሌላው ከታክሱ ጋር ያያይዛል። ከ2008 በኋላ ለተሰጠ ፍቺ የፍርድ ቤቱ ወረቀት ፎርሙን አይተካም። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ፣ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው)ና የልጅ መዋያ ክሬዲት ግን በፊርማ አይተላለፉም። ፈርማ የሰጠች እናት ሁሉም የሄደባት መስሏት ሲንግል ብላ ትሞላለች፤ ይህ ልጁን ስለሞላ ብቻ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ነኝ ከሚለው አባት ስህተት የባሰ ነው። የ2025 ስታንዳርድ ዲደክሽን (ታክስ ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) ለሲንግል 15,750፣ ለሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ 23,625 ዶላር ነው። 12 ፐርሰንት ለሚከፍል ሰው ልዩነቱ ብቻውን 945 ዶላር ያስቀራል።

ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ለመሆን ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ እናንተ ጋ መኖር አለበት፤ ሌሊቱን በካላንደር ቁጠሩ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብና ቅዳሜ አባቱ ጋ የሚያድር ልጅ በዓመት 52 ሌሊት ነው፤ የትምህርት ዕረፍት ላይ 30 ቢጨመር 82። ግማሹን ለማለፍ 183 ያስፈልጋል። በወር የቱንም ያህል ቀለብ ቢቆርጥ ሌሊት አይገዛም። የቤት ወጪ የሚባለውም የምትኖሩበት ቤት ኪራይ ወይም የሞርጌጅ ወለድ፣ መብራትና ውሃ፣ ጥገና፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ምግብ ነው፤ ልብስ፣ ሕክምና፣ የትምህርት ቤት ክፍያና መኪና አይቆጠሩም።

ሁለቱም አንዱን ልጅ ከሞሉ ኋላ የላከው አይ አር ኤስ የሚሰጠውን የመለያ ቁጥር (IP PIN) ሳያስገባ በኢንተርኔት ሲልክ ይመለስበታል፤ ከዚያ ለሁለቱም ደብዳቤ ይመጣል። የሚጠየቀው የልጁ አድራሻና ቀን ያለበት የትምህርት ቤት ወይም የሐኪም ወረቀት ነው፤ ሳትጠየቁ አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ፎርም 8332 ላይ ስትፈርሙ ክፍል አንድን፣ የዘንድሮውን ብቻ ሙሉ። ክፍል ሁለት ለሚመጡት ዓመታት ነው፤ «ሁሉንም ዓመት» ተብሎ ከተፈረመ መሻር ይቻላል፣ ግን የሚሠራው ማሻሪያው ለሌላው ወላጅ ከተሰጠበት ቀጥሎ ካለው ዓመት ጀምሮ ነው።